ስንት አዳር ነው?

ወረቀቱ ላይ «4 ቀን» ይላል። ወጣቷ ከአዲስ አበባ ይዛው የመጣችው የጉዞ መርሐ ግብር ነው። ቱሪዝም ተምራ ተመርቃ፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በሰሜን ተራሮች ሰዎችን በእግር የሚያስጎበኝ ትንሽ ድርጅት ልትከፍት አስባለች። አያቷ ደግሞ ዕድሜያቸውን በዚያው ተራራ ላይ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር በቅሎ ጫኝ፣ ኋላም አስጎብኚ ነበሩ። አሁን ጉልበታቸው ቁልቁለት አልችል ብሏል። ደባርቅ፣ ቤታቸው በረንዳ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ኪሎ ሜትሩን ደህና አድርገሽ ጽፈሻል» አሉ። «አዳሩ ግን የት አለ?»

ወጣቷ ጣቷን በወረቀቱ ላይ እያስኬደች አሳየቻቸው። «የእንግዳው ዕረፍት አጭር ነው፣ አባባ። በመጀመሪያው ቀን ከጎንደር በመኪና ወጥተን ጨነቅ ድንኳን እንተክላለን። በማግስቱ ቧሂትን ተሻግረን አምቢቆ፣ በሦስተኛው ቀን ራስ ደጀን፣ በአራተኛው ወደ ጨነቅ ተመልሰን በመኪና ወደ ደባርቅ። ይደረሳል።»

«እግርማ ይደርሳል። ትንፋሽ ነው ወደ ኋላ የሚቀረው። አባቴ መንገድ ሲጠይቅ ‹ስንት አዳር ነው?› ነበር የሚለው። ነጋዴውም፣ ተሳላሚውም፣ ዘማቹም በዚህ አገር የሄደው አዳር እየቆጠረ ነው።»

«ያኔ መኪና ስላልነበረ አይደለም?»

«መኪናም አልነበረም። ቆጠራው ግን ዕውቀት ነበረበት።»

ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ሰሜን ዘረጉ። ከደባርቅ ወጣ ሲሉ ምድሩ ድንገት ተቆርጦ ወደ ሊማሊሞ ገደል ይወርዳል። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ጠመዝማዛውን የመኪና መንገድ ከመሥራታቸው በፊት፣ ከምጽዋ ተነስቶ በዓድዋ በኩል ተከዜን የሚሻገረው ሲራራ ነጋዴ ወደ ጎንደር የሚገባው ይህንን ገደል ወጥቶ ነበር። ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1636 በአፄ ፋሲል ከተቆረቆረች በኋላ የቤተ መንግሥቱና የገበያው ዕቃ በዚህ በኩል አልፏል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1770 መጀመሪያ ላይ ጎንደር የደረሰው ሊማሊሞን ወጥቶ ነው።

«ሲራራው ማደሪያውን የሚመርጠው በምን ነበር?» ስትል ጠየቀች።

«በሦስት ነገር። በውኃ፣ ለአጋሰሱ በሚሆን ሣርና ከነፋስ በሚከልል ጥግ። አሁን ድንኳን የምንተክልባቸውን ሳንቃበርን፣ ግጭን፣ ጨነቅን ብታያቸው ይኸው ዓይን ያረፈባቸው ናቸው። ከአንዱ ወደ አንዱ በቅሎ ጭነት ይዛ ሳትደክም የምትደርስበት ርቀት ነው፤ ለሰውም እንዲሁ ነው። አንዱን ስትዘልይ መንገድ ያሳጠርሽ ይመስልሻል። የዘለልሽው ግን ሰውነት ከፍታውን የሚለምድበትን ሌሊት ነው።»

ወጣቷ ስለ ሌሎች አገሮች ብዙ አንብባለች። «ፔሩ ውስጥ የኢንካዎች መንገድ የሚሉት አለ» አለች። «ወደ ማቹ ፒቹ የሚወስድ፣ በድንጋይ የተነጠፈ ጥንታዊ መንገድ ነው። 43 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍተኛው ማለፊያው ከ4,200 ሜትር ይበልጣል። እነሱም የሚጨርሱት በአራት ቀን ነው።»

«ጉዞውን ከመጀመራቸው በፊትስ የት ያድራሉ?»

ዝም አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ኩስኮ» አለች። «ከተማው ራሱ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው። ሁለት ሦስት ቀን እዚያ ይቆያሉ።»

«እንግዲህ ያንን ቁጠሪው።»

ነገሩ የሽማግሌው ልማድ ብቻ አይደለም። ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ አየሩ እየሳሳ ስለሚሄድ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ሰውነት ይህን የሚለምደው በቀናት ውስጥ ነው። ሐኪሞች ለተራራ ተጓዦች የሚሰጡት ምክርም ግልጽ ነው፦ ከ3,000 ሜትር በላይ የዛሬው መኝታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል፤ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ የዕረፍት ቀን ይኑር። ቀን ከፍ ብሎ መውጣት ችግር የለውም፤ ወሳኙ የሚተኛበት ቦታ ነው። ጎንደር ከ2,200 ሜትር ብዙ አይርቅም፤ ጨነቅ 3,620 ሜትር ነው። የወጣቷ ወረቀት እንግዳውን በአንድ ቀን ከ1,400 ሜትር በላይ ከፍ አድርጎ ያስተኛዋል።

«እኛ ደገኞች ግን ለምደነዋል» አለች ወጣቷ። «ከአሜሪካና ከአረብ አገር የሚመጡ ኢትዮጵያውያንንም አስቤያለሁ። ክረምትና የገና ሰሞን ይመጣሉ፤ አገራቸውን በእግር ማየት ይፈልጋሉ።»

«ይምጡ፤ ደስ ይለኛል። ግን ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው ሳንባው የቆላ ሆኗል። ደጋ መወለዱ አያድነውም፤ ልምዱ በሳምንታት ውስጥ ይጠፋል። እንዲያውም ‹እኔ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ› የሚለው ነው ሕመሙን የሚደብቀው።»

እዚህ ላይ ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ብርቱ ጎልማሳ ይዘው ወጥተው ነበር። ሰውየው መንገዱ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚሄድ፣ የሚቀልድ፣ የሚዘፍን ነበር። በሁለተኛው ቀን ዝም አለ። እራት ሲቀርብለት ‹ጠግቤያለሁ› አለ። ሽማግሌው ዝምታውን አይተዋል፤ ሳህኑ ሳይነካ መመለሱንም አይተዋል፤ ነገር ግን ‹ደክሞት ነው፣ ይንጋ› ብለው ተኙ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሰውየው ከድንኳኑ ሲወጣ እንደ ሰከረ ይንገዳገድ ነበር። በዚያው ጨለማ ኮርቻ በተጫነች በቅሎ ላይ አስቀምጠው፣ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ደግፎት፣ ወደ ሳንቃበር አወረዱት። ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ነፍሱ እየተመለሰች፣ ጠዋት ላይ ሻይ ጠየቀ።

«ጥፋቱ የእኔ ነበር» አሉ። «አስጎብኚ ዋና ሥራው ገደሉን ማሳየት መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የማየው ሳህኑን ነው። ራስ ምታት ያለው ሰው እዚያው ይቆያል፤ ከፍ አይልም። ማስመለስና እንቅልፍ ማጣት ከተጨመረ ይመለሳል። ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ወይም ተቀምጦ እያለ ካለከለከ ግን ጎህ አትጠብቂ። መድኃኒቱ መውረድ ነው። ኮርቻ የተጫነች ባዶ በቅሎ ከቡድኑ አትጥፋ፤ አምቡላንስሽ እሷ ናት።»

ወጣቷ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረች። ሽማግሌው እየነገሯት፣ እሷ ከፍታውን ከራሷ ማስታወሻ እያመሳከረች፣ መንገዱን እንደገና ሠሩት።

የመጀመሪያው አዳር ደባርቅ፣ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሁለተኛው ሳንቃበር፣ 3,250። በማግስቱ የጅንባር ፏፏቴ ወደ ጥልቁ ሲወርድ ታይቶ፣ ወንዙ ተሻግሮ፣ በአስታው ጫካ አልፎ ግጭ፤ 3,600። በአራተኛው ቀን ከግጭ ሜዳ ወደ እመት ጎጎ ይወጣል። ይህ አፋፍ ከ3,900 ሜትር በላይ ሲሆን፣ ቆላው በሙሉ ከእግር ሥር ተዘርግቶ ይታያል። ማታ ግን መኝታው ጨነቅ ነው፤ ከትናንቱ ማደሪያ ብዙም ከፍ አይልም። በአምስተኛው ቀን 4,200 ሜትር ገደማ የሚሆነው የቧሂት ማለፊያ ይታለፋል፤ ከዚያ እስከ መሸሃ ወንዝ ይወረድና እንደገና አምቢቆ ይወጣል፤ 3,200። ስድስተኛው ቀን የራስ ደጀን ነው፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ወይም አሥር ሰዓት ተነስቶ ከ4,500 ሜትር በላይ ወጥቶ ማታ አምቢቆ ይመለሳል። ሰባተኛው አዳር ጨነቅ ሆኖ፣ በማግስቱ መኪና ይጠብቃል።

«እዪው» አሉ ሽማግሌው። «ከፍ ብሎ ወጥቶ ዝቅ ብሎ መተኛት ማለት ይኸው ነው።»

በመንገዱ ላይ የሚታየውን ለማስረዳት ብዙ አልቆዩም፤ ወጣቷ ታውቀዋለች። ዋልያ ከእነዚህ ገደሎች በቀር በዓለም ላይ በዱር የትም የለም። ጭላዳ ዝንጀሮው ሌሊት ገደል ላይ አድሮ፣ ፀሐይ ስትሞቅ በመቶ እየተሰበሰበ ሜዳው ላይ ሣር ይነጫል። የጅብራ ተክል ለዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል። ሽማግሌው ማከል የፈለጉት የሰውን ታሪክ ነበር። ቤተ እስራኤሎች በእነዚህ አምባዎች ላይ መሽገው ከአፄ ሠርፀ ድንግልና ከአፄ ሱስንዮስ ሠራዊት ጋር ተዋግተዋል፤ ዘሮቻቸው ዛሬ እስራኤል ይኖራሉ። ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ባሻገር፣ በጃናሞራ፣ ደረስጌ ማርያም አለች። ደጃዝማች ውቤ ባሠሯት በዚህች ቤተ ክርስቲያን በየካቲት 1847 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት ድል የነሷቸው ካሳ ኃይሉ ናቸው፤ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት እዚያ ነው።

«ጊዜ ላለው እንግዳ ይህንን ጨምሪለት» አሉ። «ተራራ ብቻ አይተው ሲሄዱ ይቆጨኛል።»

ቀጥላ የጠየቀችው ስለ ሰዎቹ ነበር። በሰሜን ተራሮች አንድ ቡድን ሲወጣ አስጎብኚ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት፣ ምግብ አብሳይና በቅሎ ጫኞች አብረው ይወጣሉ። የወጣቷ የሒሳብ ሠንጠረዥ ለእያንዳንዳቸው የቀን አበል አስልቷል።

«የመልሱስ?»

«የምን መልስ?»

«እንግዳው ከጨነቅ በመኪና ይሄዳል። በቅሎው ግን መኪና ላይ አይወጣም። ጫኙ ከነበቅሎው ቤቱ እስኪገባ ያለውን ቀን ማን ይከፍለዋል? በአዲአርቃይ በኩል የምትወጪ ከሆነ ደግሞ ቀኑ ይበዛል። ሌላም አለ። እንግዳው በድንኳን፣ በወፍራም የመኝታ ከረጢት ሲተኛ፣ ጫኙ ጋቢውን ተከናንቦ ውርጭ ላይ ያድራል። እኔ አድሬበታለሁ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ግጭ ላይ ውኃው በረዶ ይሠራል። ለእነሱም ድንኳንና ምንጣፍ በሒሳብሽ ውስጥ ይግባ።»

ጻፈች። ከዚያ ራሷ አንድ ምሳሌ አነሳች፤ በላሊበላ ዙሪያ፣ በመቄት፣ ተስፋ የተባለው ፕሮጀክት እንደ መቋት ማርያም ባሉ ቦታዎች የሠራቸውን ማረፊያዎች። ጎጆዎቹ የገበሬው ማኅበር ናቸው፤ እንግዳው ከመንደር ወደ መንደር በእግር እየሄደ ያድርባቸዋል፤ ገቢውም ለማኅበሩ ይገባል። «እዚህስ እንዲህ ማድረግ አይቻልም?»

ሽማግሌው ወዲያው አልመለሱም። ፓርኩ በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ሲቋቋም ሰው በውስጡ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ከላሊበላ ጋር በመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ጋር ተመዘገበ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው በ2017 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ዳር ተዛውረዋል። «ዋልያው ሣር አገኘ፤ የግጭ ሰው ደግሞ ቀዬውን አጣ» አሉ። «ሁለቱም እውነት ነው። ለእንግዳሽ ሁለቱንም ንገሪው። ምግብ አብሳይሽን፣ ጫኝሽን ከእነሱ ልጆች ቅጠሪ። የጫኞቹ ማኅበር በተራ ነው የሚያሰማራው፤ ተራውን አትዝለይ።»

እሳትን በተመለከተ ቃላቸው አጭር ነበር። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ የፓርኩ ጓሳ ሣርና አስታ ሲነድ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ የአካባቢው ሰው በቅጠልና በአፈር ሲታገል ነበር። «በጋዝ ምድጃ ይበሰል። እንጨት አይነደድ።»

ሰላሙም ተነሳ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በነበረው ጦርነትና ግጭት ደባርቅ እንግዳ የናፈቀችባቸው ወራት ብዙ ናቸው፤ በቅሎውን ሸጦ ወደ እርሻው የተመለሰ ጫኝ አለ። ሽማግሌው ምክራቸውን አላለሰለሱትም፦ ገንዘብ ከመቀበልሽ በፊትም፣ ከጎንደር በምትነሺበት ጠዋትም ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደውይ፤ መንገዱ ሰላም አይደለም ካሉሽ ሰው ይዘሽ አትምጪ፤ ገንዘቡን መልሺ።

ወጣቷ የቀናቱን ድምር አየችና ተነፈሰች። «ሰባት አዳር ዋጋውን ይጨምረዋል፣ አባባ። አራት ቀን ብቻ ያለው ሰውስ?»

«አራት ቀን ላለው ሰው ራስ ደጀንን አትሽጪለት። ደባርቅ፣ ሳንቃበር፣ ግጭ፤ ሦስት አዳር። በአራተኛው ቀን እመት ጎጎን አይቶ በጨነቅ በኩል በመኪና ይመለሳል። ጭላዳውን፣ ፏፏቴውን፣ ገደሉን አይቷል። ራሱን ሳያመው፣ እራቱን በልቶ ተኝቷል። ራስ ደጀንን ለማየት ሌላ ጊዜ ይመጣል።»

ወጣቷ «4 ቀን» የሚለውን አልሰረዘችውም። ከጎኑ «እስከ እመት ጎጎ» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ ደግሞ «ራስ ደጀን፣ 7 አዳር»።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እግሯ ተመለከቱ። ጫማዋ አዲስ ነበር፤ ሶሉ ገና አቧራ አልነካውም።

«በዚህ ነው የምትወጪው?»

«አዎ፤ ትናንት ነው የገዛሁት።»

«ውኃ ይቋጥርሻል። ነገ ገበያ ድረስ ሂጂበት። ከነገ ወዲያ ሊማሊሞ አፋፍ ድረስ ደርሰሽ ተመለሺ። እሑድ ሳንቃበር እንዲያደርስሽ ለጎረቤቴ ልጅ እነግረዋለሁ፤ በቅሎዋን አልሸጣትም።»