ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ጊዜውን እንዴት ይመድባል?

በውድድር ቼዝ ተጫዋችን የሚያሸንፈው ተጋጣሚው ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ጭምር ነው። ጊዜውን የጨረሰ ወገን በሰሌዳው ላይ የበላይነት ቢኖረውም እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ይሸነፋል። ይህ ሕግ ለኮምፒዩተር ፕሮግራምም ይሠራል። በዚህ ጽሑፍ ፕሮግራሙ ለአንድ እንቅስቃሴ ምን ያህል ማሰብ እንደሚገባው እንመለከታለን።

ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ እንደጠቀሰው፣ በአንድ አቀማመጥ በአማካይ 30 ያህል የሚፈቀዱ እንቅስቃሴዎች አሉ። ነጭና ጥቁር አንዳንድ ጊዜ ሲንቀሳቀሱ 900፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ሲንቀሳቀሱ ደግሞ ከ800,000 በላይ አማራጮች ይፈጠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 ጋሪ ካስፓሮቭን ያሸነፈው ዲፕ ብሉ በሴኮንድ 200 ሚሊዮን ያህል አቀማመጦችን ቢመረምርም ሁሉን መፈተሽ አልቻለም። ስለዚህ ማሰብ የሚቆምበትን ቦታ መወሰን ግድ ነው።

ቀላሉ ዘዴ የቀረውን ጊዜ ለ30 ማካፈል ነው። 15 ደቂቃ፣ ማለትም 900 ሴኮንድ ቢኖረን የመጀመሪያው ድርሻ 30 ሴኮንድ ይሆናል። በየጊዜው የቀረውን ለ30 ብናካፍል ከ20 እንቅስቃሴ በኋላ 457 ሴኮንድ ያህል ይተርፋል፤ ድርሻውም ወደ 15 ሴኮንድ ይወርዳል። ጊዜው ቶሎ አያልቅም፤ ነገር ግን ቀላሉና ከባዱ ውሳኔ በአንድ ሚዛን ይመዘናሉ።

በአጋሮና በሊሙ ገነት ዙሪያ ቡና ሲለቀም ያየ አንባቢ የዚህን ጉድለት በቀላሉ ይረዳዋል። ፍሬው በአንድ ጊዜ ስለማይቀላ ጥሩ ለቃሚ ለሁሉም ዛፍ እኩል ጊዜ አይሰጥም፤ ቀይ ፍሬ ከበዛበት ይቆያል፣ ያልበሰለውን ለሌላ ቀን ትቶ ያልፋል።

ፕሮግራሙ ግን የትኛው ውሳኔ ከባድ መሆኑን በምን ያውቃል? መጀመሪያ አንድ እርምጃ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ከዚያም ሦስት እያለ ጥልቀቱን ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። በየደረጃው የተመረጠው እንቅስቃሴ ካልተለወጠ ድርሻውን ሳይጨርስ ይጫወታል። ምርጫው ከተለዋወጠ ወይም ግምቱ በድንገት ካሽቆለቆለ ግን ከተጠራቀመው ጊዜ ይጨምራል። እያንዳንዱ ደረጃ የቀዳሚውን ሦስት እጥፍ ጊዜ ይፈጃል እንበል። 1፣ 3 እና 9 ሴኮንድ ተደምረው 13 ይሆናሉ፤ ቀጣዩ 27 ስለሚፈልግ ከ30 ሴኮንድ ድርሻ ያልፋል። እንግዲህ የማያልቀውን ደረጃ ባይጀምር ይሻለዋል።

የአገራችን ጥንታዊ ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ከዚህም የጠነከረ ጥያቄ ያቀርብልናል። ጨዋታው የሚጀመረው «ወረራ» በሚባለው ክፍል ሲሆን የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም፤ ሁለቱም ወገኖች በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። በወረራ የማሰብ ዋጋ የሚከፈለው ከሰዓት ላይ ሳይሆን ከሰሌዳው ላይ ነው፤ አንዱ ሲያስብ ሌላው ሠራዊቱን ያሰልፋል። ስለዚህ ለ30 ማካፈል ትርጉም ያጣል፤ የሚያስፈልገው በማንኛውም ቅጽበት ቢጠየቅ ዝግጁ መልስ ያለው ፕሮግራም ነው።

ደረጃ በደረጃ የማሰብ ዘዴ ይህ ጠባይ አለው፤ በተቋረጠበት ሁሉ ካለፈው ደረጃ ያገኘው መልስ በእጁ ነው። ይሁንና በወረራ መቼ ማቋረጥ ይበጃል? በጅማም ሆነ በሌላ ሥፍራ ፕሮግራም መጻፍ የጀመሩ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ በሥራ እንዲፈትኑት እንጋብዛለን።