አጥንታችን እንዴት ይጠነክራል?

ብዙዎቻችን አጥንት ደረቅና ሕይወት የሌለው ነገር ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አጥንት ሕይወት አለው፤ አሮጌው እየፈረሰ በአዲስ ይተካል። እስከ 30 ዓመት ገደማ ግንባታው ያይላል፤ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ፍራሹ ይበልጣል። እንግዲህ አጥንት እንደ ጎተራ ነው፤ በመኸር ያልሞላ ጎተራ ክረምቱን አያወጣም። እኛ ዕጩ መምህራን መኸራችን ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል፤ የምናስተምራቸው ልጆች ግን ገና መጀመራቸው ነው።

ሀ/ አጥንት ከምን ይሠራል?
የጸዳ የዶሮ አጥንት ለጥቂት ቀናት ኮምጣጤ ውስጥ ብንዘፈዝፍ ካልሲየሙ ይሟሟና እንደ ጎማ ይተጣጠፋል። ሌላውን በእሳት ብናቃጥለው ፕሮቲኑ ይጠፋና በእጅ ሲነኩት ይፈረፈራል። ጥንካሬ የሚገኘው ሁለቱ ሲጣመሩ ነው። ይህን ሙከራ ላቦራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤትም መምህሩ ሊያሳይ ይችላል።

ለ/ ምን እንብላ?
ከ9 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን 1300፣ በእኛ ዕድሜ ላሉ 1000 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ይመከራል። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህል ይሰጣል። ታዲያ ወተት የማያገኝ ወይም የሚጾም ሰው ምን ያድርግ? ጤፍ ከስንዴና ከበቆሎ የበለጠ ካልሲየም አለው። በእህል ውስጥ ያለው ፋይቴት ካልሲየሙን ይዞ ያስቀራል፤ ሊጡ ሲቦካ ግን ይቀንሳል። ጎመንና ያልተፈተገ ሰሊጥም ይረዳሉ። ቆስጣ ግን ኦክሳሌት ስላለበት ካልሲየሙን ብዙም አናገኘውም። ለፕሮቲኑ ሽሮና ባቄላ አሉን።

ሐ/ ፀሐይ
ቫይታሚን ዲ ከሌለ አንጀት ካልሲየምን በደንብ አይስብም። ቫይታሚኑን ቆዳችን በፀሐይ ኃይል ይሠራዋል። በአገራችን ፀሐይ ሞልቶ ሳለ «ምች ይመታዋል» እየተባለ ተጠቅልሎ ቤት የሚውል ሕፃን በሪኬትስ ሊያዝና እግሩ ሊጎብጥ ይችላል። በመስኮት መስተዋት በኩል የሚገባ ብርሃንም ለዚህ አይበቃም፤ ገላው ተገልጦ ውጪ መሞቅ አለበት።

መ/ እንቅስቃሴ
አጥንት ጫና ሲያገኝ ይጠነክራል፤ ካላገኘ ይሳሳል። ክብደት በማይሰማበት ጠፈር የሚቆዩ ሰዎች ከዳሌ አጥንታቸው በወር ከ1 እስከ 1.5 በመቶ ያህል ያጣሉ። ስለዚህ ሩጫ፣ ገመድ ዝላይና ሰኞ ማክሰኞ ጨዋታ ብቻ አይደሉም፤ የአጥንት ትምህርትም ናቸው።

ሠ/ ኪኒንስ?
የካልሲየም ኪኒን የምግብ ምትክ አይደለም። ሲበዛ የኩላሊት ጠጠር ሊያስከትል ስለሚችል ሐኪም ሳያዝ አንውሰድ።

በምንመደብበት ትምህርት ቤት ይህን ለተማሪው ብቻ ነግረን ብንተው ግማሽ ሥራ ነው። ሕፃኑን የምትጠቀልለው እናት ናትና በወላጆች ስብሰባም እናንሳው።

የመወያያ ጥያቄ፦ «ምች» የሚፈሩትን ወላጆች ሳናስቀይም እንዴት እናስረዳቸው?