ስለ ፓርቴኒየም አረምና እርሱን ስለሚመስሉ ዕፀዋት

ገበሬ ያላወቀውን ቅጠል በጣቱ አሽቶ በሽታው መለየት የቈየ ልማዱ ነው። ይህ ልማድ ለጤና አዳምና ለአሪቲ መልካም ሲሆን፤ ለፓርቴኒየም ግን ጕዳት ያመጣል። ስለዚህ ይህን አረም ሳይነኩ በዐይን ብቻ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል።

የአረሙ የትውልድ አገር አሜሪካ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው ለረኀብ ርዳታ ከመጣ እህል ጋራ ተቀላቅሎ እንደ ሆነ ይታመናል፤ አስቀድሞ በብዛት ከታየባቸው ስፍራዎች አንደኛው በድሬዳዋ፤ ሁለተኛው በደሴ አጠገብ፤ ሁለቱም የርዳታ እህል ይታደልባቸው ከነበሩ ጣቢያዎች አቅራቢያ ነበሩና።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። መጀመሪያ፤ ገና ሲበቅል ቅጠሉ ክብ ሠርቶ በመሬት ላይ ይነጠፋል። ሁለተኛ፤ ግንዱ ቀጥ ብሎ ይወጣና በላይ በኩል ቅርንጫፉ ይበዛል። ሦስተኛ፤ ቅጠሉ በጥልቅ የተሰነጣጠቀ ሆኖ አንዱ በዚህ፤ አንዱ በዚያ እየተፈራረቀ ይወጣል። አራተኛ፤ አበባው ጥቃቅንና ነጭ ነው።

ጭቁኝ በቅጠሉ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አበባው ወደ ቢጫ ያደላል እንጂ ነጭ አይደለም። አደይ አበባም ሳያብብ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይበቅላል።

ፓርቴኒየምን ደጋግሞ የነካ ሰው ቆዳው ይቈጣል፤ ያሳክከዋል። መጀመሪያ ምንም ያልተሰማው እንኳ ሰውነቱ አንድ ጊዜ ከተቈጣ በኋላ በጥቂቱ ይታመማል። የበላችው ላም ወተቷ ይመራል። በሐረርጌ በተደረገ ምርመራ ሳይታረም የቀረ ማሽላ ከምርቱ ከመቶ ከ40 እስከ 97 እጅ ጐድሎ ተገኝቷል።

እንግዲህ በመርሳና በሐብሩ ቀበሌዎች ሕዝቡን ለነቀላ የሚጠራ ሹም ሦስት ነገር ያስብ። ቀኑን አረሙ ሳያብብ፤ ዝናብ መሬቱን ባለሰለሰ ጊዜ ይቍረጥ፤ አንድ ተክል ከ15,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላልና። ነቃዮቹ እጃቸውን በጓንት ወይም በወፍራም ጨርቅ ይሸፍኑ፤ ሲጨርሱም በውሃና በሳሙና ይታጠቡ። ቀድሞ ያሳከከው ሰው ቢኖር ወደ ሌላ ሥራ ይመደብ እንጂ እንደ ሰነፍ አይቈጠር። እርሱን አስገድዶ ማሰማራት አረሙን ሳያጠፉ ሰውን መጕዳት ነው።