ስለ ረግረግ አዕዋፍ

ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 8 ቁጥር 7 የሰማይ አዕዋፍ የመምጫ ጊዜያቸውን እንደሚያውቁ አንሥቶ ሕዝቡን ይወቅሳል። በሀገራችንም ይህ በዓይን ይታያል፤ ክሬን የሚባሉት አንገተ ረጃጅም አዕዋፍ ከፊንላንድና ከሩስያ ተነሥተው በጥቅምት ገደማ ጣና ዳር ይደርሳሉና።

ከዓለም 15 የክሬን ዓይነቶች 4ቱ በኢትዮጵያ ይገኛሉ። ሁለቱ፣ ማለት ባለ አክሊሉ ጥቁር ክሬንና ከጉሮሮው ሥር ሥጋ የሚንጠለጠልበት ክሬን፣ እንግዶች ሳይሆኑ እዚሁ የሚዋለዱ ናቸው፤ ቁጥራቸው ግን ተመናምኗል። በባሌ ተራሮች የሚታየው ይህ ሁለተኛው፣ ሁለት እንቁላል ቢጥል እንኳ የሚያሳድገው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጫጩት ብቻ ነው። ጎጆው በከብት ኮቴ ከተረገጠ የዓመቱ ዘር ጠፋ ማለት ነው።

ዋናው ምክንያት ጠመንጃ አይደለም፤ ረግረጉ ይጠነፈፋል፣ ይታረሳል፣ ባሕር ዛፍም ይተከልበታል። ከኮልፌ ቀራንዮ አጥቢያዎች እስከ ጣና ገዳማት አባቶቻችን የቤተ ክርስቲያንን ዛፍ ስለ ጠበቁ ጽድና ወይራ ተርፎልናል። ረግረግ ግን ጭቃ ነው ተብሎ ተናቀ። ነገር ግን በሥነ ፍጥረት ትምህርታችን አዕዋፍ ሐሙስ ቀን የተገኙት ከውኃ አይደለምን?

ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ በ2007 ዓ.ም. በጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። የሐይቁን ዳር የሚያርሰውም የሚያስግጠውም ግን የየደብሩ ምእመን ነውና፣ ነገሩ አስቀድሞ በዐውደ ምሕረት ሊነገር ይገባዋል።