ከጨነቅ ወደ ቧሂት
ነፋስ ከሚበዛበት ደጋ ለሚነሣ መንገደኛ የሚሆን ትምህርት

ወደ ከፍተኛ ተራራ መውጣት ለአካል ጤንነትና አገርን በዐይን አይቶ ለማወቅ የሚጠቅም መልካም ተግባር ነው። ሆኖም ጥቅሙ ወደ ጉዳት እንዳይለወጥ አስቀድሞ መዘጋጀት ስለሚያስፈልግ፣ ለዚህ ትምህርት ምሳሌ እንዲሆን በስሜን ተራሮች ከጨነቅ ተነሥቶ ወደ ቧሂት የሚወጣው መንገድ ቀርቧል።

1ኛ፤ የስፍራው ጠባይ

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ደባርቅ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መነሻ ከተማ ናት። ፓርኩ በ1969 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። ከደባርቅ የሚነሣው የመኪና መንገድ በሳንቃበር አልፎ ጨነቅ ይደርሳል። ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ 3,620 ሜትር ያህል ሲሆን፣ የቧሂት ጫፍ 4,430 ሜትር ያህል ነው። ከጨነቅ በላይ ያለው ዳገት ጓሳና ጅብራ እንጂ ነፋስ የሚከልል ደን የለበትም።

እንግዲህ በመኪና ጨነቅ የደረሰ ሰው አንድ እርምጃ ሳይራመድ ከፍ ካለው አየር ውስጥ ገብቷል። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው፤ በቧሂት ጫፍ ደግሞ ከግማሽ በጥቂቱ ብቻ ይበልጣል። ስለዚህ በአንድ ቀን ከቆላ ወጥቶ በማግሥቱ ጫፉን መመኘት አይገባም። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር ሐኪሞች ይመክራሉ። በደባርቅ፣ ቀጥሎም በሳንቃበር አድሮ ጨነቅ መድረስ ከዚህ ምክር ጋር ይስማማል።

2ኛ፤ ስለ ነፋስና ስለ ልብስ

ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቍጥር ሙቀቱ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ነፋስ ሲጨመርበት ብርዱ ይበረታል፤ ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ፣ ገላ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ያህል እንደ ሆነ ይሰማዋል። ጋቢ በደረቅ ሌሊት መልካም ነው፤ ከራሰ ግን ጥጥ ስለ ሆነ ሙቀት አይጠብቅም። ሱፍ ወይም በርኖስ ከውስጥ፣ ነፋስና ዝናም የማያሳልፍ ካፖርት ከላይ፣ ለራስና ለእጅም መሸፈኛ ያስፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ ዝናምና ጉም የሚበዙባቸው ወራት ስለ ሆኑ ለዚህ ጉዞ አይመረጡም። ከጥቅምት በኋላ ቀኑ ብሩህ ቢሆንም ሌሊቱ ውርጭ ነው።

3ኛ፤ የመመለሻ ሰዓት

ከጨነቅ እስከ ቧሂት ጫፍ የሚወጣው ከፍታ 810 ሜትር ያህል ነው። በሰዓት 250 ሜትር የሚወጣ መንገደኛ ከሦስት ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። ንጋት 12 ሰዓት ተኩል የተነሣ፣ ዕረፍቱ ተጨምሮ፣ በ4 ሰዓት ተኩል ገደማ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ጫፉ ቢደረስም ባይደረስም በ6 ሰዓት ፊትን ወደ ጨነቅ መመለስ ተገቢ ነው። ይህም ሰዓት ተራራው ላይ ሲደከም ሳይሆን ከዋዜማው ማታ፣ ልብ ሳይጓጓ ሊቈረጥ ይገባል። ጫፉን አሻግሮ የሚያይ ሰው ጥቂት ብቻ ቀረኝ ማለቱ አይቀርምና፤ ጉም ገደሉን ከሸፈነ በኋላ ግን ያው ጥቂት መንገድ የሕይወት ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል።

4ኛ፤ የሕመም ምልክቶች

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላትና መፍዘዝ የከፍታ ሕመም መጀመሪያ ናቸው። ይህ የተሰማው ሰው ለባልንጀራው ይንገር፤ እስኪሻለውም ከዚያ በላይ አይውጣ። አረማመዱ የሚንገዳገድ፣ አነጋገሩ የተዛባ፣ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን ሌሊትም ቢሆን ሳይዘገይ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ይወሰድ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ፍቱኑ መድኃኒት ፈጥኖ መውረድ ነው።

5ኛ፤ ስለ መሪውና ስለ በቅሎ ነጂው

ብዙዎች የራሳቸውን ልብስና ስንቅ አሟልተው ሲነሡ፣ መንገድ የሚመራውንና ጭነት የሚነዳውን ሰው ይዘነጋሉ። የደጋ ተወላጅ ብርድ አይፈራም ይባላል፤ ነገር ግን በስስ ልብስ ነፋስ ላይ ያደረን ሰው ብርድ ተወላጅ ነው ብሎ አይምረውም። በሶው፣ ቆሎውና ዳቦው በሰው ሁሉ ቍጥር ይሰፈር፤ የማደሪያው ድንኳንና ብርድ ልብሱም እንዲሁ። የጉዞውም ፍጥነት ከሁሉ ደካማ በሆነው ሰው ይለካ።

6ኛ፤ በከተማ የሚቀሩት ግዴታ

መንገደኛው ከመነሣቱ በፊት የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ ከወረዳውና ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይጠይቅ። የሰዎቹ ስም፣ የሚሄዱበት መንገድና የሚመለሱበት ቀን በጽሑፍ ይቀመጥ። ይህን የተቀበለ ሹምም ወረቀቱን መዝገብ ውስጥ አኑሮ መርሳት አይገባውም፤ ቀኑ ሲያልፍ ማን ፍለጋ እንደሚወጣ አስቀድሞ መወሰን አለበት። ተራራው ነገም በስፍራው ስለሚገኝ፣ በሰዓቱ የተመለሰ መንገደኛ ሌላ ቀን ሊወጣው ይችላል።