አራት ሳምንት በጎረቤት አገር

ትምህርት ዘጠኝ፤ ምንባብ

ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

ሀ. ከአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ሌላ ስንት ቋንቋ ትናገራላችሁ? የተማራችሁት በትምህርት ቤት ነው ወይስ ከሰው ጋር በመኖር?
ለ. «ሰላምታ የቋንቋ በር ነው» ቢባል ምን ማለት ይመስላችኋል?

ከዚህ በታች የቀረበው ምንባብ ተራኪ፣ በአዲስ አበባ የሥነ ልሳን ትምህርት የሚከታተል ወጣት ነው። ወጣቱ ስዋሂሊ ለመማር ወደ ኬንያ ሄዶ አራት ሳምንት ቆይቶ ተመልሷል። ምንባቡን በጥሞና ካነበባችሁ በኋላ ጥያቄዎቹን መልሱ።

1. ጉዞው

የተወለድሁት በሲዳማ ነው። የአፍ መፍቻ ቋንቋዬ ሲዳምኛ ሲሆን፣ አማርኛን የተማርሁት በትምህርት ቤት፣ እንግሊዝኛን ደግሞ ከዚያ ቀጥሎ ነው። ስለዚህ ስዋሂሊ ለእኔ አራተኛ ቋንቋ መሆኑ ነበር።

ናይሮቢ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ናት። ከተማዋ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ሆና ነው። ሐዲዱ ከሞምባሳ ወደብ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1901 ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ ደርሷል። የከተማዋ ስም ከማሳይ ቋንቋ የተገኘ ሲሆን፣ «ቀዝቃዛ ውሃ» ከማለት የመጣ ነው። እኛም ድሬዳዋን የመሰለች፣ በባቡር ሐዲድ ምክንያት ያደገች ከተማ ስላለችን፣ የናይሮቢ ታሪክ ለጆሮዬ ባዕድ አልሆነብኝም።

በኬንያ ከአርባ በላይ ቋንቋዎች ይነገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ስዋሂሊን ብሔራዊ ቋንቋ ያደርገዋል፤ እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ደግሞ የመንግሥት የሥራ ቋንቋዎች ናቸው።

2. ሰዓቱና ቃላቱ

የመጀመሪያው ቀን ትምህርት ሲያበቃ መምህራችን፣ «ነገ ሳአ ምቢሊ አሱቡሂ እንገናኝ» አሉን። ትርጉሙም «ነገ ከጧቱ በሁለት ሰዓት» ማለት ነው። ከአውሮፓና ከእስያ የመጡት ጓደኞቼ እጅግ ግራ ተጋቡ፤ በእነርሱ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚመጣ የእንቅልፍ ጊዜ ነውና። እኔን ግን ምንም አላስቸገረኝም። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛው ሰዓትን የሚቆጥሩት ከፀሐይ መውጫ ጀምረው ነው። ከምድር ወገብ አቅራቢያ በሚገኙ አገሮች የቀኑና የሌሊቱ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ እምብዛም ስለማይለያይ፣ ፀሐይ በየዕለቱ በተቀራራቢ ጊዜ ትወጣለች። ስለሆነም ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱን ከምሽት ጀምሮ መቁጠር ለገበሬውም ለነጋዴውም ይመቻል።

ቃላቱም እንዲሁ ብዙ ዘመድ አላቸው። ስዋሂሊ ከባንቱ ቋንቋዎች አንዱ ቢሆንም፣ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ከዐረብ ነጋዴዎች ጋር በነበረው የረጅም ዘመን ግንኙነት ብዙ የዐረብኛ ቃላት ወርሷል። ስሙ ራሱ የባሕር ዳርቻን ከሚያመለክት የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። አማርኛ ደግሞ የዐረብኛ ዘመድ የሆነ ሴማዊ ቋንቋ ነው። በመሆኑም «ዳሙ» ደም፣ «ሳባ» ሰባት፣ «አሮባይኒ» አርባ፣ «ሄሳቡ» ሒሳብ መሆናቸውን ለመገንዘብ መዝገበ ቃላት አላስፈለገኝም። ይሁን እንጂ ተመሳሳይ ድምፅ ሁልጊዜ አንድ ትርጉም አይሰጥም። ለምሳሌ «ኪታቡ» መጽሐፍ ነው እንጂ፣ በአንገት የሚንጠለጠለው ክታብ አይደለም።

ሰዋስዉ ግን ፈጽሞ የተለየ ነው። አማርኛ ብዙ ቁጥርን የሚያመለክተው ብዙውን ጊዜ በቃሉ መጨረሻ ላይ ምዕላድ በመጨመር ነው፤ ልጅ፣ ልጆች። ስዋሂሊ ግን የቃሉን መነሻ ይለውጣል፤ ምቶቶ ልጅ፣ ዋቶቶ ልጆች፤ ኪታቡ መጽሐፍ፣ ቪታቡ መጻሕፍት ማለት ነው።

3. ከመጽሐፍ ውጭ የተገኘ ትምህርት

በስዋሂሊ ወጣት ከታላቁ ጋር ሲገናኝ «ሺካሞ» ይላል። ቃሉ በመነሻው «እግርዎን ይዣለሁ» እንደ ማለት ነው። ታላቁም «ማራሀባ» ብሎ ይመልሳል። ለሽማግሌ ጉልበት ስመን፣ «እርስዎ» ብለን ያደግን ልጆች የዚህን ቃል ክብደት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻንም። ይህችን ሰላምታ ካጠናሁ በኋላ በእንግሊዝኛ ብቻ ያናግሩኝ የነበሩ አረጋውያን ፊታቸው ይፈታ፣ ንግግራቸውም ይረዝም ጀመር።

አንድ ቀን ዝናብ ካባራ በኋላ በገበያ ስንሄድ አዳለጠኝና የገዛሁት ብርቱካን በጭቃው ላይ ተበተነ። ጎመን ትሸጥ የነበረች ሴት «ፖሌ፣ ፖሌ ሳና!» እያለች ተነሥታ ትለቅምልኝ ጀመር። አብሮኝ የነበረው የውጭ አገር ተማሪ በመጽሐፉ ውስጥ «ፖሌ» የይቅርታ ቃል ተብሎ ስለ ተተረጎመ፣ «አልገፋችህ፤ ለምን ይቅርታ ትጠይቅሃለች?» አለኝ። እኔ ግን ቃሉን ያወቅሁት ከአማርኛችን ነው። ሰው ሲደናቀፍ «እኔን!» የሚል ሰው ጥፋተኛ መሆኑን ማመኑ አይደለም፤ ሕመሙን መካፈሉ ነው እንጂ።

4. በአያትና በልጅ ልጆች መካከል

ያረፍሁበት ቤት እመቤት አስተማሪ ናቸው። ሁለት ልጆች አሏቸው። በሁለተኛው ሳምንት የልጆቹ አያት ከገጠር መጡ። እኒህ አሮጊት የሚናገሩት ኪኩዩ ነው፤ ልጆቹ ግን በትምህርት ቤትም በቤትም የለመዱት እንግሊዝኛ ነው። አያት ሲጠይቁ ልጆች በእንግሊዝኛ ይመልሳሉ፤ እናት በመካከል ሆነው ያስተረጉማሉ። አንድ ምሽት አሮጊቷ የጅብ ተረት ጀመሩ። ልጆቹ በየዐረፍተ ነገሩ «ምን አሉ?» እያሉ እናታቸውን ጠየቁ። አያትም ከመካከል ላይ አቆሙና አንድ ነገር ተናገሩ። እመቤቲቱ ቀስ ብለው፣ «ተረት በአስተርጓሚ አይጣፍጥም አሉ» ሲሉ ተረጎሙልኝ።

በማግሥቱ ይህንን ለመምህራችን ስነግራቸው፣ ስለ ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ አስተማሩን። ንጉጊ በእንግሊዝኛ በጻፏቸው ልብ ወለዶች ዝና ካተረፉ በኋላ ፊታቸውን ወደ ኪኩዩ ቋንቋ መለሱ። ከሌላ ደራሲ ጋር በኪኩዩ ያዘጋጁት ተውኔት ለሕዝብ ከታየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 መጨረሻ ታሰሩ። በእስር ቤትም በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በኪኩዩ ልብ ወለድ ጻፉ፤ መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1980 ታተመ። እ.ኤ.አ. በ2025 እስካረፉ ድረስ ስለ አፍሪካ ቋንቋዎች ከመሟገት አልቦዘኑም።

በዚያው ምሽት እመቤቲቱ፣ «እናትህ የምትማረውን ትምህርት ያውቁታል?» ሲሉ ጠየቁኝ። «በሲዳምኛ እነግራታለሁ። ለአንዳንዱ ነገር ቃል ሲጠፋ በእንሰት እመስልላታለሁ። እናቴ የእንሰትን ዓይነት በየስሙ እንደምትለይ ሁሉ፣ እኔም ቃላትን እየለየሁ እንደማጠና ስነግራት ይገባታል» አልኋቸው። እርሳቸውም ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከእራት በኋላ ግማሽ ሰዓት ያለ አስተርጓሚ ከአያት ጋር መቀመጥ የቤቱ ደንብ ሆነ። በመጀመሪያ ልጆቹ አጉረመረሙ፤ ኋላ ግን አያታቸው ድምፃቸውን እየለዋወጡ ጅብን ሲያስመስሉ ይስቁ ጀመር። በስንብቴ ዋዜማ ትንሺቱ ልጅ ያንን ተረት በኪኩዩ እስከ ግማሹ ተረከችው። ቀሪውን አያቷ ጨረሱት።

5. ከጉዞው የተገኘው ፍሬ

አራት ሳምንት ቋንቋን ጠንቅቆ ለማወቅ አይበቃም። ነገር ግን ለአጭር ጊዜ የሚሄድ ተማሪ ሦስት ነገሮችን ቢያደርግ ይጠቀማል። አንደኛ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታን ማጥናት፤ ሁለተኛ፣ ያወቀውን ጥቂት ቃል ሳያፍር መናገር፤ ሦስተኛ፣ የቃሉን ፍች ብቻ ሳይሆን ቃሉ የሚነገርበትን ጊዜ ማስተዋል ናቸው። ቋንቋ መጨመር ሀብት ነው። ይሁንና አዲሱ ቋንቋ ገብቶ የቀድሞውን ካስወጣ፣ ቤቱ ሁለተኛ ክፍል አገኘ አይባልም፤ ተከራይ ለወጠ ይባላል እንጂ።

መልመጃ

ሀ. በምንባቡ መሠረት መልሱ።
1. ተራኪው በሰዓት አቆጣጠር ያልተቸገረው ለምንድን ነው?
2. «ፖሌ» የሚለውን ቃል «ይቅርታ» ብሎ መተርጐም የማይበቃው ስለ ምንድን ነው?
3. አሮጊቷ ተረቱን ከመካከል ላይ ያቆሙት ለምን ይመስላችኋል?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አግቡ።
ተቆረቆረ፣ ባዕድ፣ አጉረመረመ፣ ዋዜማ፣ ተሟገተ

ሐ. ጽሑፍ
በአካባቢያችሁ ከሚገኙ አረጋውያን አንድ ተረት በራሳቸው ቋንቋ ሰምታችሁ በአማርኛ ጻፉ። ወደ አማርኛ ለመመለስ ያስቸገራችሁን አንድ ቃል ምረጡና ያስቸገረበትን ምክንያት አስረዱ።