ክብ ሰሌዳ፣ እኩል መስመር

ጥያቄ፦ ለሱቄ በር ቁመቱም ወርዱም 16 አምፖል የሆነ ክብ የኤልኢዲ ሰሌዳ እየሠራሁ ነው። ከላይና ከታች ያሉት አጫጭር ረድፎች ከመሐሉ ይልቅ ይደምቃሉ። ለምን ይሆን? (አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሬዚስተሩ በረድፉ በኩል መግባቱ ነው። ያው ኩረንት ጫፍ ላይ ለ6 አምፖል፣ መሐል ላይ ለ16 ይከፋፈላል። ሬዚስተሩን ወደ እያንዳንዱ ዓምድ ያዛውሩት፤ ልዩነቱ በአብዛኛው ይጠፋል። እኔ ግን ከዚህም አልፈው የሽቦውን አዘረጋግ ከሰሌዳው ቅርጽ እንዲያላቅቁት እመክራለሁ። ተቆጣጣሪው የሚያውቀው ረድፍና ዓምድ ብቻ ነው፤ አምፖሉ የት እንደተተከለ አያውቅም። የመጀመሪያው ረድፍ 6፣ ሁለተኛው 10 አምፖል አለው፤ ሁለቱ ሲደመሩ ልክ 16 ናቸው። ስድስቱን ሁለተኛው ረድፍ ባዶ በተዋቸው ዓምዶች ላይ፣ ሦስቱን በግራ ሦስቱን በቀኝ፣ ያያይዟቸው። ታችም እንዲሁ ሲያደርጉ 16ቱ ረድፎች 14 ይሆናሉ፤ ረድፎቹ የሚበሩት በየተራ ስለሆነ እያንዳንዱ አምፖል የሚበራበት ጊዜም በ14 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከ2,400 ሜትር በላይ ባለች ከተማ ፀሐይ ፊት ለሚቆም ሰሌዳ ይህ ትንሽ ትርፍ አይደለም።

«ሽቦው ይጠላለፋል፣ ፊደሉም ይበታተናል» ይሉ ይሆናል። መጠላለፉ እውነት ነው፤ ግን የሚዛወሩት 12 አምፖሎች ብቻ ስለሆኑ የተሸፈነ ሽቦ ይበቃል። ፊደሉን ደግሞ የእያንዳንዱን አምፖል ትክክለኛ ቦታ የያዘ ሠንጠረዥ በፕሮግራሙ ውስጥ በማስገባት ያስተካክሉታል።